ሰዓቱን ያውልቅ

ቬላዩደም አራተኛውን ወረቀት ከሰሌዳው ነቅሎ አንድ እርከን ወደ ላይ ሊሰካ ሲል የሬዲዮ ክፍሉ ስልክ ጮኸ። ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሣ በግራ እጁ ተቀበለው።

"አገኘኋት" አለው ማሲላማኒ። "የጽሑፍ መላኪያዋ ተበላሽቷል። ከአሁን በኋላ በድምፅ ነው የምትሄደው።" ቀጥሎም፣ "ቬላ፣ የምታወራው ልጅህ ናት። ካፒቴኑ አይደለም፤ ራሷ ካያል ናት።"

"ከፍታዋ ስንት ነው?"

"ልጅህ ናት እኮ ነው የምልህ፣ አንተ ሰውዬ።"

"ሰምቻለሁ። ከፍታዋ ስንት ነው?"

"ሠላሳ አምስት ሺህ ጫማ። የሚቀጥለው ነጥብ ላይ በደቂቃ ሠላሳ አራት እደርሳለሁ ብላለች።"

ቬላዩደም ቁጥሩን ጻፈ። ብዕሩን ከሚገባው በላይ ተጭኖት ኖሮ የአራቷ እግር ወረቀቱን በሳችው።

ማሲላማኒ ከእሱ አሥር እርምጃ ያህል ይርቃል። በመካከላቸው ወፍራም መስታወት አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ክፍል ጆሮ ነው፤ ባሕሩ ላይ ካሉት አውሮፕላኖች የሚመጣው ድምፅ የሚሰማው እዚያ ብቻ ነው። ከመስታወቱ ወዲህ ያለው፣ ቬላዩደም ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠበት፣ ሰሌዳውና ወረቀቶቹ ናቸው። አብራሪው ለማሲላማኒ ይናገራል፣ ማሲላማኒ ይጽፋል፣ ቬላዩደም ያነባል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

የራዳሩ ዓይን ከቼናይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የተወሰነ ርቀት ሄዶ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የቤንጋልን ባሕር ማንም አያይም። አውሮፕላኖቹ ራሳቸው ናቸው "እዚህ ነጥብ ላይ በዚህ ደቂቃ አለፍኩ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ በዚህ ደቂቃ እደርሳለሁ" እያሉ የሚናገሩት። ተቆጣጣሪው የተባለውን አምኖ ይጽፋል፤ በአንድ መስመር፣ በአንድ ከፍታ ላይ ያሉትን ደግሞ በደቂቃ ያራርቃል። በጽሑፍ መላኪያ የሚሄዱት ተቀራርበው መሄድ ይችላሉ፤ መሣሪያው በየጊዜው ያሉበትን ስለሚናገር ስድስት ደቂቃ ይበቃቸዋል። በድምፅ የሚሄድ ግን አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። ከአሥር አንዲት ብትጎድል አይሆንም።

ካያል የምትነዳው አውሮፕላን ከሙስካት ተነሥቶ ወደ ኩዋላ ላምፑር የሚሄድ ነው። ከፊቷ፣ በዚያው ከፍታ፣ አንድ የጭነት አውሮፕላን አለ። በመካከላቸው ሰባት ደቂቃ ነው። ጠዋት ሰባቱ በቂ ነበር፤ መሣሪያው በተበላሸበት ቅጽበት ግን ሰባቱ ጎደለ። የጭነቱ ደግሞ ዝግተኛ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ሰባቱ ስድስት፣ ስድስቱ አምስት መሆኑ አይቀርም።

ቬላዩደም ወረቀቶቹን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ዳሰሰ። አሥራ አንድ ነበሩ፤ እያንዳንዱ ወረቀት አንድ አውሮፕላን ነው። በልቡ አምላኩን፣ የኮረብታውን ጌታ ሙሩጋንን ጠራው። ይህ ልማዱ ነው፤ አንድ ወረቀት ወደ ሰሌዳው ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ አንድ ጊዜ ይጠራዋል። ባልደረቦቹ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያዩና የሚያሰላ ይመስላቸዋል።

*

ቀድማ የነገረችው ሚስቱ ኮማላ ናት። ጠዋት የእርጎ ሩዙን በምሳ ዕቃው እየጨመረች፣ ፊቷን ወደ ምድጃው እንዳደረገች፣ "ዛሬ በእናንተ በኩል ነው የምታልፈው" አለች። ማን እንደሆነች አልተናገረችም። እሱም አልጠየቀም።

ከልጁ ጋር ከተነጋገረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጠቡ ጠብ እንኳ አይባልም። ካያል የተቆጣጣሪነቱን ፈተና በአንደኝነት ነበር ያለፈችው። ከጎኑ ያለው ወንበር የእሷ እንደሚሆን ለሥራ ጓደኞቹ ሁሉ ተናግሮ ጨርሶ ነበር። እሷ ግን ወንበሩን ትታ መብረርን መረጠች፤ ሥራም ባሕር ማዶ አገኘች። የምትሄድበት ቀን "እሸኝሻለሁ፣ ተረኛ አይደለሁም" ብሏት ሳለ በዚያው ጠዋት የሌላ ሰው ተራ ወስዶ ሥራ ገባ። አውሮፕላን ማረፊያው ግን ከመሥሪያ ቤቱ በእግር የሚደረስ ነው። ልጅቷ ዘበኛው "ይበቃል፣ በሩ ሊዘጋ ነው" እስኪላት ድረስ በር ላይ ቆማ ጠብቃለች። በኋላ ለእናቷ በስልክ፣ "አባዬ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ደቂቃ አለው" ብላ እንደነበር ኮማላ ከወር በኋላ ነገረችው።

ከዚያ እሱ እስክትደውል ጠበቀ። እሷም እስኪደውል።

ማታ ማታ ኮማላ ከልጇ ጋር ስታወራ እሱ በሚቀጥለው ክፍል ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል። የሚሰማው የሚስቱን ወገን ብቻ ነው። "እህ… በልተሻል?… ኧረ ተይ… እሱማ ደህና ነው።" የቀረውን ግማሽ ራሱ እየሞላ ይቀመጣል። ስልኩ እስኪዘጋ አንድም ገጽ ገልጦ አያውቅም።

ካያል ከመጀመሪያ ደመወዟ የእጅ ሰዓት ገዝታ በሰው ልካለት ነበር። ከነሣጥኑ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ አላሰረውም። ዛሬ ጠዋት ግን፣ ኮማላ ያንን ከተናገረች በኋላ፣ እንደ እምነቱ ግንባሩን አመድ ተቀብቶ ሸሚዙን ከቆለፈ በኋላ፣ ሣጥኑን ከፍቶ አሰረው። ማሰሪያው ገና ስላልለመደ እጁን ያዝ ያደርገዋል። የእጅጌውን ጫፍ ሳብ አድርጎ ሸፈነው።

*

የግድግዳው ሰዓት ሠላሳ ስድስትን ሲረግጥ መውጫው ታየው።

በሠላሳ ሰባት ሺህ ላይ ከዶሃ የመጣ ፈጣን አውሮፕላን ነበረ፤ ከካያል አሥራ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ። ካያል አሁኑኑ ሁለት ሺህ ጫማ ከወጣች ከጭነቱ ትላቀቃለች፤ የዶሃውም የእነሱ ክልል እስከሚያልቅበት ድንበር ድረስ ሦስት ደቂቃ ቢያተርፍባት አሥራ ሁለት ይቀራቸዋል። መቸኮል ግን ነበረባት። አብራሪዎች ከባድ ሲሆኑ ነዳጅ እስኪቀልላቸው ዝቅ ብለው መቆየት ይወዳሉ፤ እሷ ከቆየች ሁለቱም ርቀት ይበላሻል። ለመውጣቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃታል ብሎ አሰበ። ሰዓቱን አየ፣ አሥራ ሁለት ጨመረበት፣ ጻፈ፤ ለማሲላማኒም በስልክ አነበበለት። "ወደ ሠላሳ ሰባት ሺህ ውጪ። ከደቂቃ አሥራ ስምንት በፊት እዚያ ድረሺ።"

ማሲላማኒ ደገመለት። ቬላዩደም "ትክክል" አለ።

ያየው የእጁን ሰዓት ነበር።

በዚህ አገር በዚህ ሥራ ላይ ያረጀ ሰው ሁሉ ይህን ወጥመድ ያውቀዋል። የግድግዳው ሰዓት አብራሪዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት የዓለም ሰዓት ነው፤ የከተማው ሰዓት ከእሱ በአምስት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። አምስቱ ማንንም አያሳስትም። የምታሳስተው ግማሿ ናት። ሰዓቱን የማይጽፍ፣ ደቂቃውን ብቻ የሚጽፍ ሰው የከተማውን ሰዓት አንዴ ካየ ሠላሳ ደቂቃ ይስታል፤ የጻፈውም ቁጥር ቁጥር ይመስላል እንጂ ስህተት አይመስልም። ለዚህ ሲባል ወደ ሰሌዳው የሚቀርብ ሁሉ ሰዓቱን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ቬላዩደም ደግሞ በወጣትነቱ ሰዓቱን ከቤትም ይዞ አይወጣም ነበር። በር ላይ አውልቆ ለካያል ይሰጣታል፤ እስኪመለስ ጠባቂዋ እሷ ናት። አንድ ቀን ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ለምን እንደሚያወልቀው ጠይቃው፣ ወለሉ ላይ አብሯት ተቀምጦ ሁለት ሳንቲሞችን አውሮፕላን አድርጎ አስረድቷት ነበር።

ስልኩ እንደገና ሲጮኸ የግድግዳው ሰዓት ሠላሳ ስምንት ይላል።

ማሲላማኒ እንደ ወትሮው አልቀለደም። "ያለችውን እንዳለችው ላንብብልህ፣ የኔን አልጨምርም። 'ለሁለት ሺህ ጫማ አርባ ደቂቃ ብዙ ነው። ደቂቃው ይረጋገጥልኝ።'" ጉሮሮውን ጠረገ። "ቀጥላ፣ 'ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ያውልቅ' ብላለች።"

ቬላዩደም እጅጌውን ገለጠ። ሰዓቱ አዲስ ስለሆነ ያበራል። ደቂቃው ስምንት ላይ ነበር።

እሷ ባትሆን ኖሮ፣ ሌላ አብራሪ ቢሆን፣ ቁጥሩን በደስታ ተቀብሎ እስከ አሥራ ስምንት ድረስ በጭነቱ ጅራት ላይ እየተሳበ ነዳጁን ያቃጥል ነበር። ማሰሪያውን ሊፈታ ጀመረ። ማሰሪያው እንቢ ብሎ ሲያስቸግረው በጥርሱ ስቦ ፈታው።

"ስህተት ነው" አለ። "ደቂቃ አርባ ስምንት። አሁኑኑ ትነሣ።"

በመስታወቱ በኩል የማሲላማኒን ከንፈር አየ። ከዚያ የማሲላማኒ እጅ ሲጽፍ። ወረቀቱን በመስታወቱ ሥር ባለችው ቀዳዳ አሾለከለት። "አርባ ስምንት። ለቃለች፣ እየወጣች ነው" ይላል። ከሥሩ በእርሳስ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ "ሳቀች" ተብሎ ተጽፏል።

ቬላዩደም ያቺን ቃል ሁለት ጊዜ አነበባት። በየትኛው ሳቋ እንደሳቀች ወረቀቱ አይናገርም።

*

በደቂቃ አርባ ስድስት ላይ ሠላሳ ሰባት ሺህ ጫማ መድረሷ ተነገረ። ቬላዩደም ሙሩጋንን አንድ ጊዜ ጠርቶ የተረኞቹን አለቃ ጃናኪን በእጁ ጠራት። ጃናኪ እሱ ያሠለጠናት ሴት ናት። በዚህ ክፍል ያለው ደንብ አጭር ነው፤ የተሳሳተ ይናገራል፣ የተናገረ ከወንበሩ ይነሣል። ቅጣት አይደለም፤ አንድ ጊዜ የደነገጠ ጭንቅላት ሁለተኛ ስለሚደነግጥ ነው።

የሆነውን ሁሉ፣ የእጅ ሰዓቱን ጨምሮ፣ ነገራት። አብራሪዋ ልጁ መሆኗን አልነገራትም፤ ነገር ግን ጃናኪ ታውቅ ነበር። ማሲላማኒ እያለ ምሥጢር የሚባል ነገር የለም።

"ተተኪህ ምሳ ላይ ነው" አለችው። "እስኪመጣ ከጎንህ እቀመጣለሁ። ከዚያ ትነሣለህ።" ወንበር ሳበች። "ጋሼ፣ ድንበር ላይ የምትደርሰው ስንት ላይ ነው?"

"ሠላሳ አንድ።"

"እንግዲያው ትደርሳለህ። ገብተህ ትሰማታለህ።"

ቬላዩደም ያኔ ነው የተገለጠለት። ካያል ከእነሱ ባሕር የምትወጣው በሚመጣው ሰዓት በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ነው። ድንበሩ ላይ የመጨረሻ ቃሏን በድምፅ ትሰጣለች፤ ከዚያ የሌላ አገር ሰዎች ይቀበሏታል። እሱ ደግሞ፣ በራሱ ስህተት ምክንያት፣ ነፃ ሰው ሊሆን ነው። ተነሥቶ አሥር እርምጃ ሄዶ የማሲላማኒን ተጨማሪ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ቢያደርግ ለሃያ ሰከንድ ያህል ድምፅዋን ይሰማል። መናገር አይችልም። አይፈልግምም። መስማት ብቻ።

ስልኩን አንሥቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ማሲላማኒን ጠየቀው። "ድምፅዋ እንዴት ነው?"

"ጉንፋን ይዟታል" አለ ማሲላማኒ። "ደግሞ እንዳንተ ነች፤ ቁጥር ስትናገር ትጎትታለች።"

ተተኪው ዘግይቶ መጣ። አንዳማን ደሴቶች አጠገብ ደመና ተነሥቶ ሦስት አውሮፕላኖች መንገድ ልቀቁልን ብለው ስለነበር፣ እነሱ እስኪደላደሉ ርክክቡ ቆመ። ሲጀመር የግድግዳው ሰዓት ሃያ ሦስት ይላል።

ርክክብ ማለት እያንዳንዱን ወረቀት በጣት ነክቶ፣ ከፊቱ ያለውንና ከኋላው ያለውን፣ የተፈቀደለትንና የጠየቀውን መናገር ነው። ሰሚው ይደግማል። አይሮጥበትም። ቬላዩደም ከላይ ጀመረ። ስድስተኛው ላይ ሃያ ስምንት ሆነ። ሰባተኛው የካያል ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ነካው፣ እንደ ሌሎቹ ተናገረ፤ "በድምፅ ነው፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅላት" ብሎ አለፈ።

ዘጠነኛው ላይ ሳለ መስታወቱ ተንኳኳ። ማሲላማኒ በአንድ እጁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይዞ በሌላው ና፣ ና ይለዋል።

ጃናኪ ትከሻውን ነካችው። "ጋሼ፣ የቀሩትን እኔ አሳየዋለሁ። ሂድ በቃ።"

ቬላዩደም ሰሌዳውን አየ። የቀሩት ደመናውን እየዞሩ ያሉት ናቸው። የተስማሙበትን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

"ሁለት ናቸው" አለ፤ ጣቱንም ወደ አሥረኛው አወረደ።

ጨርሶ ሲገባ ሠላሳ አራት ሆኖ ነበር። ማሲላማኒ ምንም ሳይል ማዳመጫውን አውልቆ ሰጠው። ቬላዩደም ጆሮው ላይ አደረገው። ሰናፍጭ በጋለ ዘይት ውስጥ የሚንጣጣ ይመስል ነበር፤ ከዚያ ሩቅ አንድ ወንድ በማያውቀው አነጋገር ቁጥር ጠራ፤ ከዚያ እንደገና ዘይቱ። እሷ የነበረችበት ቦታ ይህ ነው። ቆሞ አዳመጠው።

"ምን አለች?" ብሎ ጠየቀ በመጨረሻ።

"ነጥቡን፣ ደቂቃውን፣ ከፍታውን። ከዚያ፣ 'ሰዓቱን አወለቀ?' አለች። አዎ አልኳት።" ማሲላማኒ ወረቀቶቹን አስተካከለ፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረም። "የትኛው ሰዓት እንደሆነ ልነግራት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። መስመሩ ግን የሁሉም ነው፤ የስሪላንካ ሰው እንኳ ያዳምጣል። እሱን አንተው ንገራት።"

*

የስህተቱን ጽሑፍ ፈርሞ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ባቡር ጣቢያው ሲደርስ ፀሐይዋ ከሐዲዱ በላይ ዘመም ብላ ነበር። አንዲት ሴት ጃስሚን በክር እየሰካች ትሸጣለች። ለኮማላ አንድ ክንድ ገዛ፤ በምሳ ዕቃው ላይ ጠቀለለው። የእርጎ ሩዙ እንዳለ ነው፤ አልተነካም።

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ከኪሱ አወጣ። ጎኑ ላይ ያለችውን መጠምዘዣ ሳብ አድርጎ መርፌዎቹን ወደ ፊት አዞራቸው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ካያል ወደምታርፍበት ከተማ ሰዓት። ከዚያ አሰረው። አሁን ማሰሪያው ትንሽ ለስልሶለታል።

ኮማላ ደወለች። "ሰማሃት?"

"አልሰማኋትም" አለ። "ጉንፋን ይዟታል።"

"ሳትሰማ እንዴት አወቅህ?" አለች። መልስ ሳትጠብቅም፣ "ለማንኛውም ስታርፍ ትደውልልኛለች። ቶሎ ና፣ ምሳህንም አልበላህም ይሆናል" አለች።

"ኮማላ።"

"እ?"

"ቁጥሯን ላኪልኝ።"

ከኮማላ በኩል የሚሰማው የግቢው ቁራና የውኃ ጠብታ ብቻ ነበር። ቬላዩደም ዝምታ ማዳመጥ ያውቃል፤ ጠበቀ።

"እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ትደውልልህ?" አለች ኮማላ ቀስ ብላ። "አንተ እንዳታፍር።"

"አይ። እኔ ነኝ የምደውለው።"

ቁጥሩ መጣ። ስልኩ ላይ አልመዘገበውም፤ ከምሳ ዕቃው መጠቅለያ ወረቀት ጀርባ ላይ በብዕር፣ እንደ ሰሌዳው ወረቀት፣ በትልልቁ ጻፈው። ከሥሩ የምታርፍበትን ደቂቃ አስቀመጠ። ከአውሮፕላኑ እስክትወርድ፣ ሻንጣዋን እስክትይዝ፣ እፎይ እስክትል ብሎ አሥር ደቂቃ ጨመረበት። ለመጀመሪያ ጊዜ አሥር ደቂቃ ብዙ መሰለው። አምስቱን ሰረዘ።

ባቡሩ መጣ፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። ጃስሚን ሻጯ፣ "ጌታው፣ ባቡርዎ እኮ ነው" አለችው።

ቬላዩደም የእጁን ሰዓት አየ።

"በሚቀጥለው እሄዳለሁ" አላት፤ ከወንበሩም አልተነሣም።